ጎጃምን ለማየት የሎጅ ብር አያስፈልግም፣ የገበያ ቀን ማወቅ ይበቃል

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደምበጫ ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ሰሞን ስለ ጎጃም ጉዞ ያወጣችሁት ጽሁፍ እኛ ትምህርት ቤት ስታፍ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው የዋለው፣ ፎቶው ምን ያምራል፣ አጻጻፉም ምንም አይወጣለትም፣ ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን የወጪ ዝርዝር ያየ ሁሉ ጋዜጣውን አጣጥፎ ዝም፣ አንዱ የሂሳብ አስተማሪያችንማ እስክሪብቶ አውጥቶ ደመረና «ይሄ እኮ የኔ የስንት ወር ደሞዝ ነው፣ ያውም እቁቡ ሳይቆረጥ» ብሎ ሳቀ። የመኪና ኪራይ፣ ጋይድ፣ የሎጅ አዳር፣ የጀልባ ኮንትራት። እኔ የምለው፣ ይሄን ጽሁፍ ማን እንዲያነበው ነው የጻፋችሁት? ለዲያስፖራ ከሆነ ይሁን፣ የኛው ሰዎች ናቸው ይምጡ ይዩ፣ ግን እናንተ ከአናቱ ላይ ለወጣቶች ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። የትኛው ወጣት?

ደሞ ይሄ የናንተ ብቻ ችግር አይደለም፣ ሲያናድደኝ የከረመ ነገር ነው፣ ጎጃም በተባለ ቁጥር ባህር ዳር፣ ጢስ ዓባይ፣ ጣና ላይ አንድ ዙር ጀልባ፣ አለቀ። ከደጀን እስከ መራዊ ያለው አገር መንገደኛው መስኮት ላይ ተደግፎ እያንኮራፋ የሚያልፈው አስፋልት ብቻ ሆኖ ቀረ። ባህር ዳርን ጠልቼ አይደለም፣ ማን ይጠላል፣ እዚያም ቢሆን እኮ ኮንትራት ጀልባ ለሚከራየው ሰው የምትነግሩትን ያህል ጠዋት ከዘጌ ሰዎች ጋር በህዝብ ጀልባ ወይ በየብስ ሄዶ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግሩ ኡራ ኪዳነ ምህረት ድረስ መድረስ እንደሚቻል አንድ መስመር ብትጽፉ ምን ነበረበት። ጢስ ዓባይንም ቢሆን ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ነው ብላችሁ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዶ ቀጭን ነገር አይቶ የሚመለስ ሰው ስንት ነው፣ ከክረምቱ ማለቂያ እስከ ጥቅምት ሂዱ ብሎ የሚነግረው የለም።

እኔ ጎጃምን ያየሁት በአስተማሪ ደሞዝ ነው፣ በሴሚስተር መሀልና በቅዳሜ እሁድ፣ በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥ፣ በአይሱዙ ጋቢና፣ በባጃጅ፣ በጋሪ፣ የቀረውን በእግሬ። እና ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው የገበያ ቀን ማወቅ ላይ ነው። ወደ ትንንሾቹ ከተሞች የሚሄድ መኪና በገበያ ቀን ጠዋት እንደ ጉድ ይወጣል፣ ከሰአት ሰዉ ሸጦ ሸምቶ ሲጨርስ እንደ ጉድ ይመለሳል፣ በሌላው ቀን ግን አንዲት መኪና መናኸሪያ ውስጥ ቆማ እስክትሞላ ፀሐይ ትዞርባታለች፣ ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ፣ ሁለት ሰው ብቻ» እያለ አስር ሰው ይጭናል፣ አንተ ፊት ስለገባህ ወርደህ ሽንት ቤት እንኳን መሄድ ትፈራለህ ወንበሬን ያዙብኝ ብለህ። ገንዘብ የሌለው መንገደኛ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው፣ መኪና አጣሁ ብሎ ባጃጅ ወይ ሚኒባስ ኮንትራት ይይዛል፣ ኮንትራት ከያዘ ደግሞ ያው ያችን የናንተን የወጪ ዝርዝር ገባባት ማለት ነው። በገበያ ቀን ከሄድክ ግን መኪናው አለ፣ እሸቱ አለ ቆሎው አለ ጠላው አለ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ከሰአት ወደየገጠሩ የሚመለስ ሰው አለ፣ ከእነሱ ጋር እያወጋህ ትሄዳለህ፣ መንገድ ያሳዩሃል፣ ውሻ ይከለክሉልሃል፣ እንኳን ጋይድ መክፈል እነሱ ናቸው ጭነትህን አምጣ የሚሉህ። ብቻ አልጋ ቀድሞ መያዝ ነው፣ ነጋዴው ከዋዜማው ይይዘዋል። ወደ ገዳማቱ ደግሞ ገበያ ሳይሆን የንግሥ ቀን ነው ፕሮግራሙ፣ በዚያ ቀን መኪና የማይሄድበት ገዳም ጥቂት ነው።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። አንዳንድ ልጆች ቦርሳ አዝሎ በትንሽ ብር መዞርን ፈረንጅ ያመጣው ፋሽን ይመስላቸዋል፣ ኧረ የቆሎ ተማሪን ምን ልትሉት ነው? ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ በእግሩ ሲዞር፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የውሻውን ዓይነት ሁሉ ለይቶ ሲያውቅ፣ ያገሩን ወንዝና ዳገት ከማንም ካርታ የተሻለ በጭንቅላቱ ይዞት ይዞር ነበር። ዛሬም አሉ፣ ጎግል ማፕ ላይ የሌለ አቋራጭ የፈለገ እነሱን ይጠይቅ፣ እኔ ጠይቄ ከፍዬበት የማላገኘውን መንገድ አሳይተውኛል (አንዱማ እግረ መንገዱን ቅኔ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር፣ ሰምና ወርቁን ሳልለይ ወንዝ ደረስን)።

እስቲ ግሽ ዓባይን፣ የዓባይን ምንጭ ማለቴ ነው፣ ላስቀድም፣ ምክንያቱም በጣም ቀላሉ እሱ ነው፣ ግን ሰው በጣም ሩቅ ይመስለዋል። ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በሚወስደው አስፋልት ጥሊሊ ላይ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ምንጩ ወዳለበት ወደ ሰከላ የሚወጣ መኪና ትይዛለህ፣ በቃ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ቄስ) በፈረንጆቹ 1618 አየው፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 መጥቶ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ብሎ ተከራከረ፣ ፈረንጆቹ ማን ቀደመ ብለው ሲናቆሩ የሰከላ ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ሲጠመቅበት የኖረ ጠበል ነው። ቦታው ከባህር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይቆረፍዳል፣ ጋቢ ወይ ጃኬት ያዙ። ፏፏቴ ምናምን የጠበቀ ይከፋዋል፣ የዓባይ ምንጭ ተብሎ የታሰበውን ያህል የሚያስገመግም ነገር የለም፣ ዝም ያለች ምንጭ ናት፣ ከስር ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ ግልገል ዓባይ ሆና ጣና ትገባለች። እና ዋናው ነገር፣ በልቶ የመጣ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም፣ ጠበል ነዋ። ስለዚህ ጥሊሊ ላይ ጥብስ በልታችሁ በዚያው ቀን እንደርሳለን አትበሉ፣ ከተማዋ ላይ አድራችሁ ጠዋት ባዶ ሆድ ሂዱ፣ ያው የቁርስ ብርም ተረፈ ማለት ነው። እዚያ ያሉ አባቶች የአቡነ ዘርአ ብሩክን ታሪክ ይነግሯችኋል፣ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ኋላ ሲመለሱ አንዲት ገጽ ሳትርስ እንደተቀበሉ፣ ይሄን ደግሞ ከአባቶች አፍ እንጂ ከጋዜጣ አታገኙትም፣ ስለዚህ አልጨርሰውም። ጥር 13 የሳቸው በዓል ነው፣ በዚያን ቀን የሚሄድ ሰው አልጋ አያስብ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከምዕመኑ ጋር ማደር ነው።

ጮቄ ግን ሌላ ነው። ስለ ጮቄ ከጻፍኩ አልጨርስም። ከደብረ ማርቆስ (እግረ መንገዳችሁን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት እዩት፣ ከተማ መሀል ነው) ሮብ ገበያን አልፎ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄድ መኪና ተራራው ላይ ነው የሚወስዳችሁ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ በህዝብ ማመላለሻ፣ የት አገር ነው እንዲህ ያለ ነገር ያለው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ፣ ብር፣ የኛው የደምበጫው ተምጫ፣ ሁሉም ከዚያው ከጮቄ ነው የሚነሱት፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባሉ። መጀመሪያ ጤፍና ስንዴ ታያለህ፣ ከፍ ስትል ገብስና ድንች ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ አስታው፣ የደጋው ቁጥቋጦ፣ ይመጣል፣ ከዚያ በላይ ጅብራው፣ ያ የሰው ቁመት ያለው የውርጭ ተክል፣ ጉም ውስጥ ቆሞ ታየዋለህ፣ መጀመሪያ ሳየው ሰው መስሎኝ ሰላም ልል ነበር። እዚያው አካባቢ ያለው የጮቄ ኢኮ መንደር በፈረንጆች 2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው፣ ደስ ይላል፣ ገንዘብ ያለው እዚያ ይረፍ፣ ለአካባቢውም ገቢ ነው። የሌለው ደግሞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወጥቶ፣ ተራራው ላይ ወርዶ፣ በእግሩ ውሎ ከሰአት በሚመለሰው መኪና መውረድ ይችላል። ከሰአት ጉሙ ይመጣል፣ ጉም ውስጥ መንገድ መፈለግ አይሞከርም፣ ማታ ደግሞ ውርጭ ነው።

አንድ ጊዜ ጉሙ ቀደመኝና አንዲት እናት ጎጆ በር ላይ ቆምኩ። «የመንገድ እንግዳ ነኝ፣ ጉሙ እስኪያልፍ ያስጠልሉኝ» አልኳቸው።

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ። ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ እናቴ።»

«የማን ልጅ ነሽ?» የአባቴን ስም ነገርኳቸው፣ አገሬን ነገርኳቸው። «ታዲያ እዚህ ማን ዘመድ አለሽ?»

«ዘመድ የለኝም፣ ተራራውን ላይ ብዬ ነው።»

«ተራራውንማ ከማርቆስ ሁነሽ አታይውም ኑሯል? ይሄን ሁሉ መልፋት!» አሉና ከልባቸው ሳቁብኝ፣ ከዚያ ከረመጡ ውስጥ በእንጨት ጫፍ እየገፉ ድንች አወጡ፣ አመዱን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አራገፉና ሰፌድ ላይ ጣል ጣል አደረጉልኝ፣ የተወቀጠ ጨውና በርበሬ በቁራሽ ቅጠል ላይ አድርገው ጎኑ አስቀመጡ፣ «በይ ልብሱን አውልቂለትና ብዪ» አሉኝ፣ ልጡን ማለታቸው ነው። ትኩስ ነው፣ ጣቴን እያቃጠለኝ ስልጥ ከውስጥ ነጭ ዱቄት መስሎ ፍርስ ይላል። ብዙ ሆቴል በልቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ድንች አልበላሁም። ብር ላውጣ ብል ተቆጡኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩትን ቡና ሳወጣ ግን አሸት አደረጉና «ይሄስ ሸጋ ነው» ብለው ተቀበሉኝ። ለዚህ ነው ወደ ገጠር ስትወጡ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ያዙ የምለው፣ ብር የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፣ ባዶ እጅ ሄዶ የሰው ቤት በልቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መውጣት ደግሞ የበጀት ጉዞ አይባልም፣ እሱ ሌላ ስም አለው።

ወደ አዊ ስትሻገሩ ነገሩ ይቀላል፣ መኪናውም ብዙ ነው። ዘንገና ሐይቅ ከከሳ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል ስለዚህ ዋና እችላለሁ ባይ ጎረምሳ እንዳትገቡ፣ ዙሪያውን በእግር መዞር ነው ደስ የሚለው። ጥርባም አለላችሁ፣ እሱም እንደዚያው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፣ ሰውም አይበዛበትም። እንጅባራ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ታገኛላችሁ (ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭናችሁ ለመሄድ አትሞክሩ፣ ረዳቱ ከወንበሩ በላይ ያስከፍላችኋል)፣ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ደግሞ እዚያ ርካሽ ነው፣ ይቺን ይዞ ቀን መዋል ይቻላል። በየማሳው ተሰልፎ የምታዩት ቀጭን ዛፍ ዲከረንስ ነው፣ ለከሰል የሚተከል፣ ገበሬው ስንትና ስንት እህል ትቶ ወደሱ ዞሯል፣ ስለሱ አንድ ቀን ሌላ ደብዳቤ እጽፍ ይሆናል። ጥር 23 ከሆነ ደግሞ ሁሉን ትታችሁ እንጅባራ ሂዱ፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፣ ፈረሱ በሸለመ በቀለመ ጌጥ ተጊጦ ሲጋልብ ማየት ነፃ ነው፣ አንድ ብር አያስወጣም፣ አቧራውን ብቻ መቻል ነው።

እናንተ ጭራሽ ያልነካችሁት ደግሞ ምሥራቁ ነው። ደጀን ላይ ዋናውን አስፋልት ትቶ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በአዴት አድርጎ ባህር ዳር የሚገባ መንገድ አለ፣ ሰው የሚያውቀው በማርቆስ የሚሄደውን ብቻ ነው። በዚህኛው መስመር ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፣ ገንጥላችሁ ስትገቡ መርጡለ ማርያም አለች፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ያ የተቀረጸ ድንጋይ ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን አበባና ሐረግ አይቶ አፉን የማይከፍት የለም። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ሲያርበደብድ የኖረበት አገር ነው፣ ሽማግሌ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ጠላ ጋብዙ። ከሞጣ ደግሞ ጉልበት ያለው ሰባራ ድልድይ ይውረድ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ፣ በጣሊያን ጊዜ መሀሉ የተሰበረ፣ ከዚያ ስንት ዘመን ጎጃሜና ጎንደሬ በገመድ እየተሳበ ሲገናኝበት የኖረ፣ ኋላ ነው ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው። መውረዱ ቀላል ነው መውጣቱ ነው ጉዱ፣ በረሃ ነው፣ ውሃ እስክትጠግቡ ያዙ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ውረዱ ከፀሐይ ጋር አትጋፉ፣ ደሞ ብቻችሁን አይደለም፣ ከአገሬው ሰው ጋር።

አሁን ስለ አልጋ። እናንተ ሎጅና ሆቴል ነው የጻፋችሁት፣ እኛ የምናውቀው ቤርጎ ነው፣ የጋራ ሻወር፣ ግቢው ውስጥ ባልዲ፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ አምፖል። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል፣ ግን ከሎጁ ጋር አይገናኝም። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ የምታየውን ግን ልናገር። ገብተሽ አልጋ አለ ወይ ስትይ መጀመሪያ ከኋላሽ ማን እንዳለ ያያሉ። ማንም የለም። ከዚያ «ስንት ሰው ናችሁ?» ይባላል፣ መታወቂያሽ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። እኔ የማደርገው ባለቤቷ ሴት የሆነችበትን ቤት መፈለግ ነው፣ ጠጅ ቤት ወይ ግሮሰሪ ከስሩ ያለበትን መተው ነው፣ ብር ከመክፈሌ በፊት ገብቼ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ እሞክራለሁ፣ ካልያዘ «እሺ በጀ፣ እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት፣ ማፈር የለም። መሽቶ መድረስ አይሞከርም፣ የመጨረሻ መኪና ላይ አልሳፈርም። ለቁንጫው አንሶላ ይዤ እሄዳለሁ፣ ትኋን ካለ ፍራሹን ስታነሱ ስፌቱ ላይ ይታያል። ለቤተሰብ የት እንዳለሁ እደውላለሁ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቦታ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ ካሽ እይዛለሁ ምክንያቱም ቴሌብር ያለ ኔትወርክ ጌጥ ነው። ወንድ ልጆች ይሄ ሁሉ ላይገባቸው ይችላል፣ ለሴቶቹ ግን ከፏፏቴው ፎቶ በፊት ይሄን ነበር መጻፍ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ረቡዕና አርብ ወይ በጾም ወራት የሚሄድ ሰው ሽሮና ምስር ጎመን እየበላ በትንሽ ብር ይዞራል፣ ከፈሰክ ጥብስ ካማረህ ደግሞ የራስህ ጉዳይ ነው።

የሚያስመርረኝ የወረዳና የቀበሌ ነገር ነው። አንድ ቦታ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ደረቱ ላይ ባጅ የለ ምን የለ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሞ «መግቢያ ክፈሉ» አለን፣ አብራኝ ያለችው ልጅ ደረሰኝ አለው ወይ ብትለው «ደረሰኙ አልቆ ነው» አለ፣ «ታዲያ ደረሰኙ ሲያልቅ ክፍያውስ አያልቅም?» አለችው፣ ሳቀና ዋጋውን በግማሽ ቀነሰው። በግማሽ የሚቀንስ የመንግሥት ክፍያ የት አገር ነው ያለው? ሌላ ቦታ ደግሞ የትብብር ደብዳቤ አምጡ ተባልን፣ ከየት? እኛ ጥናት አይደለም የምናካሂደው፣ ሐይቅ ልናይ ነው። ፈረንጅ ሲመጣ እየሮጠ የሚቀበል፣ ያገሩ ልጅ ስትመጣ «ለምን መጣሽ» የሚል አሰራር እስከመቼ ነው። ክፍያ ይኑር፣ መኖርም አለበት፣ ለአካባቢው ወጣት ለጠባቂው ለመንገዱ ይዋል፣ ግን ዋጋው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ።

ለኛም ለተጓዦቹ የምለው አለኝ፣ በተለይ ለቲክቶክ ልጆች። የሰው እናት ጎጆ ውስጥ ገብቶ ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደቀን፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ላይ ድሮን ማስነሳት፣ ጅብራ ነቅሎ ፎቶ መነሳት፣ ገበያ ውስጥ ቁምጣ የለበሰ አባት አይቶ እየሳቁ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ይሄን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ነው በዱላ የሚባረረው። አባቶችን ስታገኙ ቆም ብላችሁ እንዴት ዋላችሁ በሉ፣ እነሱ እስኪጨርሱ ሰላምታውን ጨርሱ፣ ጎጃም ሰላምታ ረጅም ነው፣ ከብቱ ልጁ አዝመራው ሳይጠየቅ መንገድ አይጠየቅም።

ፀጥታውን ሳላነሳ አላልፍም፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁላችንም እያየነው ነው፣ እኔም ከላይ የጻፍኳቸው ቦታዎች ሁሉ ዛሬ ተነስታችሁ ሂዱባቸው እያልኩ አይደለም፣ መንገድ ሲዘጋ የሚሄድ ሰው ደፋር ሳይሆን ሞኝ ነው፣ ለሚያሳድረው ሰውም መዘዝ ነው። ሰላም የሆነውን መስመር ግን ከመናኸሪያ ሾፌሮች በላይ የሚያውቅ የለም፣ ፌስቡክ ሳይሆን እነሱን ጠይቁ፣ «መኪና ዛሬ ገብቶ ወጥቷል ወይ» ብላችሁ፣ ካልወጣ ቤታችሁ ቁጭ በሉ። ታዲያ ጸሐፊ ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው ሥራ ያለው፣ መንገዱ ሲከፈት ምን እንደሚታይ አሁን ቢዘጋጅ ምን አለበት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ የጉዞ ገጻችሁ ላይ አንዲት ትንሽ ጥግ ስጡን። ፎቶ አንፈልግም። በየሳምንቱ አንድ ከተማ፣ የገበያ ቀኑ መቼ ነው፣ የመጀመሪያው መኪና ከየት መናኸሪያ በስንት ሰዓት ይወጣል፣ የመጨረሻው በስንት ይመለሳል፣ ከመኪናው ከወረዱ በኋላ በእግር ስንት ሰዓት ነው፣ መግቢያ ካለ በደረሰኝ ስንት ነው፣ ንግሡ መቼ ነው። አስተማሪ በየወረዳው አለ፣ ነርስ አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ፣ እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፣ ደብዳቤ ጻፉ ቢባሉ ይጽፋሉ። የደምበጫንና ከዚህ ተነስቶ ፈረስ ቤት የሚወጣውን መስመር እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ቦታ ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት በሚወጣ ሰው እልክላችኋለሁ፣ የሰከላውን ደግሞ እዚያ የተመደበች የኮሌጅ ጓደኛዬ ትጽፋለች፣ ቃል አስገብቻታለሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አስተማሪ፣ ከደምበጫ